የአሮጌ ኢጣልያ ሠራሽ ሞተር ብስክሌት ጥገናና የመካኒኮች ቋንቋ በአዲስ አበባ

የአንድ አገር ሕዝብ ከሌላ አገር መሣሪያ ሲቀበል የመሣሪያውን ስም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይቀበላል። መሣሪያው በታመመ ጊዜ ግን ሕመሙ በምን ቃል እንደሚነገርና መድኃኒቱ በምን ሥርዓት እንደሚፈለግ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀራል። የአዲስ አበባ መካኒኮች ብዙዎቹን የሞተር ክፍሎች የሚጠሩት በኢጣልያንኛ ስም ሲሆን፥ የሞተሩን ጠባይና ሕመም የሚገልጹት ግን በአማርኛ ግስ ነው። ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታ፥ ጓርኒሲዮን የሚባሉት ስሞች ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ሞተሩ ታፈነ፥ ነከሰ፥ አንኳኳ፥ ዘይት በላ የሚባሉት ግሶች ግን የአገር ናቸው። በስሙና በግሱ መካከል ያለው ይህ ልዩነት የቋንቋ ነገር ብቻ እንዳይደለ፥ ይልቁንም አንድ የውጭ አገር ጥበብ ከደጋ አየር ጋር እንዴት እንደ ተስማማ የሚያሳይ መሆኑን ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ይገልጻል።

ለምሳሌ የሚወሰደው መሣሪያ አሮጌ ኢጣልያ ሠራሽ የስፖርት ሞተር ብስክሌት ነው። ምክንያቱም የዚህ መሣሪያ ፋብሪካው፥ የጥገና መጽሐፉና የክፍሎቹ ስም ከአንድ አገር የመጡ ስለ ሆኑ፥ የተባለው ልዩነት ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታይበታል። ቦታውም በምሥራቅ አዲስ አበባ፥ በኡራኤል፥ በሃያ ሁለትና በቦሌ መድኃኔ ዓለም መካከል የሚገኘው፥ ስሙን ከአትላስ ሆቴል ያገኘው የአትላስ ሠፈር ነው። ይህ ሠፈር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የጥገናውን ሥርዓት የሚለውጠውም ይኸው ከፍታ ነው።

የስሞቹ አመጣጥ

የኢጣልያ ጦር በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ወሰን ተሻግሮ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ከተማቸው እስኪመለሱ ድረስ በነበሩት አምስት ዓመቶች፥ ብዙ ካሚዮንና ሞተር ብስክሌት ከነመጠገኛው ወደ አገሩ ገባ። ከነፃነት በኋላም ከኢጣልያኖቹ አያሌዎቹ በኢትዮጵያ ቀርተው በጋራዥና በብረታ ብረት ሥራ ስለ ተሠማሩ፥ በነሱ ዘንድ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ሙያውን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአስተማሪው እጅና አፍ ነበር። በዚሁ ዘመን የመጡ ስሞች በከተማው መሬት ላይም ይታያሉ። ከአትላስ በኡራኤል በኩል ወደ ምዕራብ የሚገኘው ካዛንችስ ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የኢጣልያ መሥሪያ ቤት አሕጽሮተ ስም፥ ካዛ ኢንቺስ ከሚለው ነው፤ ፒያሳና መርካቶም እንደዚሁ።

የክፍሎቹ ስሞች በመጀመሪያ ቋንቋቸው አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል ያለባቸው ቃሎች ናቸው። ካንዴላ በኢጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ማርሚታ ትልቅ የወጥ ድስት ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ፥ ፍሬቻ ቀስት፥ ዳዶ የዕጣ መጫወቻ ጠጠር ነው። ካላማዳሪያ የሚባለው ካሜራ ዳርያ፥ ማለት የአየር ክፍል፥ ከሚለው ሁለት ቃል ተጣምሮ የተሠራ ሲሆን፥ ካቻቢቴም ብሎን የሚነዳ እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ግን እነዚህ ሥዕሎች ጠፍተው ስሙ ለዕቃው ብቻ ቀርቷል፤ ካንዴላ የሚለው ወጣት መካኒክ ሻማን አያስብም። አንዳንዱ ቃል ትርጉሙን አጥብቧል፤ ካቴና በኢጣልያንኛ ማናቸውም ሰንሰለት ሲሆን በአማርኛ በይበልጥ የእስረኛ እጅ ማሰሪያ ሆኗል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ትርጉም ይዞ ኖሯል፤ ፋሻ ለቁስል መጠቅለያም ለፒስተን ቀለበትም ይነገራል።

መሣሪያው

የሞቶ ጉዚ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1921 በሰሜን ኢጣልያ በኮሞ ሐይቅ ዳር፥ በማንዴሎ ዴል ላሪዮ ከተማ ተመሠረተ። ከስፖርት ሞተር ብስክሌቶቹ መካከል ሊኖ ቶንቲ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ቪ ሰባት ስፖርት እ.ኤ.አ. በ1971፥ ከርሱም የተወለደው፥ 844 ሲሲ ያለው ለ ማን እ.ኤ.አ. በ1976 ወጡ። ሁለቱም በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ90 ማዕዘን ተከፍተው በግራና በቀኝ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በሰንሰለት ሳይሆን እንደ መኪና በዘንግ ነው፤ ፍሪሲዮኑም እንደ መኪና ደረቅ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ካርቡራቶር፥ የራሱ ፑንቲና፥ የራሱ ቦቢናና የራሱ ካንዴላ አለው። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር ቢታመም ሌላው ለብቻው ሞተሩን ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ ምርመራውም በእጅጉ የሚቀለው አንዱን ከሌላው ጋር በማስተያየት ነው።

የማንዴሎ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። የካርቡራቶሩ መጠን ሁሉ የተቀመረው፥ የጥገናው መጽሐፍም የተጻፈው ለእንዲህ ያለ ቆላማ አየር ነው። መሣሪያው ወደ አትላስ ሠፈር በመጣ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ መጽሐፉ ምን ያህሉ እውነት ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው።

የደጋው አየር

በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ በጥቂት ቢበልጥ ነው። ጥግግቱም በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ የቤንዚኑ ማሳለፊያ ቀዳዳ መጠኑ የማይለወጥ ስለ ሆነ፥ አየሩ ሲሳሳ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለው ቤንዚን ከሚገባው በ12 በመቶ ያህል ይበልጣል። ምልክቱም የታወቀ ነው፤ የካንዴላው ጫፍ ጥላሸት ይለብሳል፥ በማርሚታው ጥቁር ጢስ ይወጣል፥ ሞተሩም በዝግታ ሲሄድ ይደናቀፋል።

ለዚህ ሕመም የኢጣልያ መካኒክ ድብልቁ ግራሳ ነው ይላል፤ ይኸውም ሰባ፥ ወፈረ ማለት ነው። የአዲስ አበባ መካኒክ ግን ሞተሩ ታፈነ ይላል። የኢጣልያንኛው ቃል ጥፋቱን ከቤንዚኑ ብዛት ያየዋል፤ የአማርኛው ቃል ከአየሩ ማነስ ያየዋል። በቆላ ላለ ሞተር የመጀመሪያው አነጋገር ይስማማል። በደጋ ላለ ሞተር ግን ሁለተኛው ወደ እውነቱ የቀረበ ነው፤ የጎደለው አየር ነውና። ቃሉ የተመረጠው በስሌት ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚናገረውን ሰው እጅ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራዋል።

መድኃኒቱ የሚከተለው ነው። በዴሎርቶ ካርቡራቶር ማሳለፊያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ የሚያመለክት ሲሆን፥ 130 ማለት 1.30 ሚሊሜትር ነው። ለአዲስ አበባ አየር የቀዳዳው ስፋት በ5 ወይም በ6 በመቶ መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ 130 የተጻፈበት በ122 ወይም በ123 ይተካል። ይህ ከተደረገ በኋላ የካንዴላው ፊት የተቆላ ቡና የመሰለ ቀለም ሊይዝ ይገባል። የጠፋው ኃይል ግን አይመለስም፤ አየሩ በአምስት አንድ እጅ ካነሰ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ስለሚያንስ፥ በአትላስ ያለ ሞተር በማንዴሎ እንዳለው እንዲሮጥ መጠበቅ አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን በእመቃ መለኪያ ላይ የሚደርሰው ነው። የሲሊንደሩ እመቃ ከውጭው አየር ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል። በባሕር ወለል 10 ባር ማሳየት የሚገባው ጤነኛ ሲሊንደር በአትላስ ከ8 ባር በታች ቢያሳይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው መጽሐፉን አይቶ ፋሻው አለቀ ብሎ ይፈርዳል፤ ጤነኛውን ሞተር ይከፍታል፤ ምትክ የማይገኝለትን ጓርኒሲዮን ይቀዳል፤ ያልታመመውን ሲሊንደር በቶርኖ ቤት ያስፍቃል። እንዲህ ከተደረገ በኋላ የተፋቀው ብረት አይመለስም። ስለዚህ በደጋ አገር ትክክለኛው መመዘኛ የመጽሐፉ ቁጥር ሳይሆን የሁለቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መስማማት ነው፤ ሁለቱ ለከፍታው ከሚጠበቀው ሳያንሱ እኩል ካሳዩ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ አንዱ ከሌላው በብዙ ካነሰ ሕመሙ ከዚያ ዘንድ ይፈለጋል።

የምርመራው ሥርዓት

ሞተር አልነሣ ሲል የሚጠየቀው ጥያቄ ሦስት ነው፤ እሳት አለ ወይ፥ ቤንዚን ይደርሳል ወይ፥ ትንፋሽ አለው ወይ። ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያ የሚጠየቀው በቀላሉ የሚታየው ነውና።

እሳቱን ለማየት ካንዴላው ተፈትቶ ከነሽቦው በሞተሩ ብረት ላይ ይደገፍና ሞተሩ ይዞራል፤ ይህ ሲደረግ በአቅራቢያው የፈሰሰ ቤንዚን እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ፥ ወይም ፑንቲናው ተቃጥሎ ከተገኘ፥ ኮንደንሰሩ ይጠረጠራል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። የፑንቲናው ተረከዝ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፥ የእሳቱም ሰዓት ይዘገያል፤ ሞተሩም ሳይሞት ቀስ በቀስ ጉልበቱን ያጣል። ሰው ይህን በእርጅና ስለሚያሳብበው ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ከሁለቱ ሲሊንደሮች አንዱ ብቻ ሲሠራ የሞተሩ ድምፅ ወፍሮ ይንቀጠቀጣል። የትኛው እንደ ተኛ ለማወቅ ሞተሩ እንደ ተነሣ በሁለቱ ጢስ ማውጫ ቱቦዎች ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ ይረጫል፤ ጠብታው ቶሎ ያልተነነበት ወገን የተኛው ነው። ቀጥሎም የሁለቱ ካንዴላ ቦታ ይለዋወጣል። ሕመሙ ከካንዴላው ጋር ወደ ሌላው ወገን ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ ካልሄደ በቦቢናው እንዲሁ ይደረጋል። በዚህ መንገድ ምንም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ጥፋተኛው ይለያል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ደኅና ሠርቶ ሲሞቅ ቢጠፋ፥ ከቀዘቀዘም በኋላ ቢነሣ፥ የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው። እነርሱም ቦቢናው፥ ኮንደንሰሩና የሰልባትዮው ክዳን ናቸው። ክዳኑ መተንፈሻው ከተደፈነ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፤ ክዳኑ ሲከፈት አየር ሲገባ ይሰማል፥ ሞተሩም ወዲያው ይነሣል። በደጋ አየር ቤንዚን ቶሎ ስለሚተንን፥ በሞቃት ሞተር አጠገብ የሚያልፈው የቤንዚን ቱቦ በእንፋሎት ሊዘጋም ይችላል።

በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጎማ በዕድሜ ሲሰነጠቅ ያልተፈለገ አየር ይገባል፤ ሚኒሞውም ይወጣል ይወርዳል። ማሳለፊያው ለቆላ እንደ ተሠራ በቀረ ሞተር ላይ ግን ይህ ስንጥቅ የቤንዚኑን ብዛት ስለሚያቻችል፥ ሞተሩ ለጊዜው ደኅና መስሎ ይታያል። አንዱ ጥፋት ሌላውን ሲሸፍን ጎማውን ብቻ የለወጠ መካኒክ ሥራውን ያበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያ የቫልቮቹ ክፍተት ይስተካከላል፤ ለለ ማን ፋብሪካው ያዘዘው 0.22 ሚሊሜትር ሲሆን የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ከዚያ ፑንቲናውና የእሳቱ ሰዓት ይስተካከላል። ካርቡራቶር የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ የሁለቱም መክፈቻ እኩል እንዲነሣ ሆኖ ሚኒሞው ይወሰናል። ከካርቡራቶር የሚጀምር ሰው የሌላውን ጥፋት በካርቡራቶር ለመሸፈን ይደክማል።

የዘወትር ጥበቃ

ዘይት በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። በቪ ሰባት ስፖርት ሞተር ውስጥ የሽቦ ወንፊት ብቻ አለ፤ በለ ማን ደግሞ የዘይት ማጣሪያው ከታችኛው የዘይት ቋት ውስጥ ስለ ተቀመጠ፥ እርሱን ለመለወጥ ቋቱን ማውረድና ጓርኒሲዮኑን ማደስ ግድ ነው። የካምቢዮውና የኋላው ዘንግ ዘይት ከሞተሩ ዘይት የተለየ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለ ሆነ ከሞተሩ በኩል ዘይት ካፈሰሰበት ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን ብቻ መለወጥ ዋጋ የለውም፥ የሚያፈሰው መዝጊያ ሳይለወጥ አዲሱም ይበላሻልና።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ሞተር ብስክሌቱ ሳይሠራ ከቆመ፥ ጎዶሎ በሆነው ሰልባትዮ ውስጥ እርጥበት ወደ ውኃነት ይለወጣል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። ስለዚህ ሰልባትዮው ከክረምት በፊት መሙላት፥ ከክረምት በኋላም ከታች ጥቂት ቤንዚን ተቀድቶ መታየት ይገባዋል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኢታኖል ውኃ የሚስብና አሮጌ ጎማን የሚያለሰልስ በመሆኑ፥ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ መሣሪያ የቤንዚን ቱቦዎቹና የካርቡራቶሩ ማሸጊያዎች በየጊዜው ሊመረመሩ ይገባል።

በለ ማን የእግር ፍሬኑ ሲረገጥ የኋላውንና ከፊቱ አንዱን ዲስክ በአንድነት ይይዛል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት። አሮጌው የፍሬን ቱቦ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥ ስለሚችል፥ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ ጎማው ቢከብድ ቱቦው ይጠረጠራል። ሞተር አልነሣ ቢል ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ፍሬን እምቢ ያለ ቀን ግን ሕይወት ስለሚጠፋ፥ በፍሬን ላይ ቁጠባ የለም።

ዕቃውና ባለ እጁ

የአሮጌ ሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ከፋብሪካው በቀላሉ አይመጣም። በመርካቶ የሚገኘው ሶማሌ ተራ ለተሽከርካሪ መለዋወጫ፥ ምናለሽ ተራም ለያገለገለ ብረታ ብረት የታወቁ ናቸው። በነዚህ ቦታዎች ዕቃ የሚፈለገው በመጽሐፍ ቁጥር ሳይሆን አሮጌውን በእጅ ይዞ በማስተያየት ነው። ኩሽኔታ፥ የዘይት መዝጊያና ፋሻ በልክ ስለሚታወቁ ከሌላ መሣሪያ የመጣ ሊስማማ ይችላል። ማሳለፊያ፥ የቫልቭ ዕቃና የካምቢዮ ጥርስ ግን በመመሳሰል አይተኩም። ባለ ቶርኖው ዘንግ ያበጃል፥ ቸርኬ ያቃናል፤ ጓርኒሲዮንም ከወፍራም ወረቀት ይቆረጣል። የዚህ ሁሉ መሠረት አሮጌውን ዕቃ አለመጣል ነው፤ የተሰበረ ዕቃ ለአዲሱ መለኪያ ነውና።

ሊመዘገብ የሚገባው

ይህ እውቀት የሚኖርበት ዕቃ እየጠበበ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ብስክሌት በከተማው እንዳይሽከረከር አገደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ። ከዚያም በፊት ቢሆን በኮምፒዩተር የሚመራው አዲሱ ሞተር የአየሩን ግፊት ራሱ ለክቶ ቤንዚኑን ስለሚመጥን፥ መካኒኩ ስለ ከፍታ እንዲያስብ አያስገድደውም። ፑንቲናና ካርቡራቶር ከገበያ ሲጠፉ ስማቸው አይጠፋም፤ በኢጣልያ መጻሕፍት ተጽፎ ይኖራል። ግሱ ግን በየትም አልተጻፈም።

የቃላት ሰብሳቢዎች ልማድ የውሰት ቃልን ለቅሞ ምንጩን ማመልከት ነው፤ በዚህ መንገድ ካንዴላና ማርሚታ በመዝገብ ይገባሉ፤ ታፈነ፥ ነከሰና አንኳኳ ግን ተራ የአማርኛ ግስ መስለው ይታለፋሉ። ይሁን እንጂ ሙያው የተቀመጠው በነዚህ ውስጥ ነው። ነከሰ ሲባል ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ከሲሊንደሩ ጋር መያዙ፥ በላ ሲባል ዘይቱ በፋሻ በኩል ሾልኮ መቃጠሉ፥ ታፈነ ሲባል አየር ያነሰው ቤንዚን ካንዴላውን ማርጠቡ ይታወቃል፤ እያንዳንዱም ግስ ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ይዟል። ስለዚህ የመካኒኮችን ቋንቋ የሚያጠና ተማሪ ስሙን ከነምንጩ፥ ግሱን ከነምልክቱና ከነመድኃኒቱ አያይዞ፥ ሞተሩ ከፊቱ እየሠራ፥ ከሚያውቁት ባለ እጆች አፍ መመዝገብ ይገባዋል። ሞተሩ ከቆመ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ስሙን ይነግረዋል፤ ድምፁን ግን ሊያሰማው አይችልም።